ማሽኑ አለ፣ የሚያውቀው ሰው ግን የለም፤ የጃፓን «የ2025 ገደል» እና የእኛ ፋብሪካዎች

የጃፓን የኢኮኖሚ፣ የንግድና የኢንዱስትሪ ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በመስከረም ወር 2018 አንድ ሪፖርት አወጣ። በቴክኖሎጂ ተራቃለች የምንላት አገር ስለራሷ ብዙም የማትናገረውን ነገር የተናገረችበት ሪፖርት ነው። ሚኒስቴሩ «የ2025 ገደል» ብሎ የሰየመው አደጋ በራሷ በጃፓን ቢሮዎችና ፋብሪካዎች ውስጥ፣ ዕድሜያቸው ከ20 ዓመት ባለፈ የኮምፒዩተር ሲስተሞች ላይ የተቀመጠ ነው። ኩባንያዎቹ እነዚህን ሲስተሞች በጊዜ ካላደሱ እ.ኤ.አ. ከ2025 በኋላ የአገሪቱ ኢኮኖሚ በየዓመቱ እስከ 12 ትሪሊዮን የን ሊያጣ እንደሚችል ሚኒስቴሩ ገመተ። በወቅቱ ይደርሳል ከተባለው ኪሳራ ሦስት እጥፍ ገደማ መሆኑ ነው። የሚጎድለው የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ባለሙያ ቁጥርም በ2025 ወደ 430 ሺሕ ያድጋል ተባለ።

አሁን 2025 አልፏል። ጃፓን ገደል ገብታ አላየናትም፤ ፋብሪካዎቿ ይሠራሉ፣ ቪትዝና ኮሮላዎቿም የአዲስ አበባን መንገድ እንዳጨናነቁ ናቸው። የተጠቀሰው ገንዘብ ግምት ነውና ሊያከራክር ይችላል። እኔን የሳበኝ ግን ሚኒስቴሩ ለችግሩ የሰጠው ምክንያት ነው። በፋብሪካ ኮንትሮል ሲስተም ጥገና በቆየሁባቸው ዓመታት እዚሁ አገራችን ውስጥ ያየሁትን ነገር፣ ስለ ሌላ አገር በተጻፈ ሰነድ ላይ ቁልጭ ብሎ አገኘሁት።

«አሮጌ» ሲባል

አሮጌ ሲስተም ሲባል ብዙ ሰው የሚመስለው የተበላሸ ወይም የሚንቀራፈፍ ኮምፒዩተር ነው። በፋብሪካ ውስጥ አሮጌው ሲስተም ብዙውን ጊዜ በደንብ የሚሠራው ነው፤ ባይሠራማ ድሮ ይጣል ነበር። ኤንኢሲ የተባለው የጃፓን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1982 በተለምዶ ፒሲ-98 የሚባለውን የኮምፒዩተር ዝርያ ገበያ ላይ አዋለ። አገሬው ለቢሮ ሥራም፣ ለጨዋታም፣ ለፋብሪካ ማሽን መቆጣጠሪያም ተጠቀመበት። ኤንኢሲ በ2003 ትዕዛዝ መቀበል አቆመ። ሆኖም ያገለገሉ ፒሲ-98ዎችን እየገዙና እየጠገኑ ለፋብሪካ የሚሸጡ ነጋዴዎች ከዚያም በኋላ ሥራ አልፈቱም። ለምን ቢሉ፣ ብረት የሚቆርጠው ወይም ምርት የሚፈትሸው ማሽን ገና ብዙ ዓመት ያገለግላል፤ ትዕዛዝ የሚሰጠው ፕሮግራም ግን ከዚያ ኮምፒዩተር ውጪ አይነሳም። ማሽኑን በሙሉ ከመለወጥና አሮጌ ኮምፒዩተር ፈልጎ ከመግዛት የትኛውን እንደሚመርጥ ለማንም ሥራ አስኪያጅ መንገር አያስፈልግም።

በጥገና ሙያ ውስጥ ያለን ሰዎች «የሚሠራን ነገር አትንካ» የምንለው ሕግ አለን። በየዋዛው የሚናቅ ሕግ አይደለም፤ ሌሊት በስልክ ተጠርቶ የቆመ መስመር ያስነሳ ሰው ያውቀዋል። ችግሩ ማሽኑ ባይነካም በዙሪያው ያለው ዓለም የማይቆም መሆኑ ላይ ነው። ሆንዳ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2017 ከቶኪዮ ብዙም በማይርቀው የሳያማ ፋብሪካው ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ ኮምፒዩተሮቹን ስላጠቃበት በቀን 1,000 ያህል መኪና የሚያመርተውን ሥራ ለአንድ ቀን አቁሟል። ቫይረሱ የሚገባበትን ቀዳዳ የሚደፍነው ማሻሻያ ከወራት በፊት፣ በመጋቢት ወጥቶ ነበር። ግን ማሻሻያ መጫን ማለት ኮምፒዩተሩን አጥፍቶ ማስነሳት ነው። ከዚያ በኋላ መስመሩ እንደቀድሞው ስለመነሳቱ ማን ዋስ ይሆናል? ፋብሪካዎች ማሻሻያ የሚያዘገዩት ብዙውን ጊዜ ከስንፍና ሳይሆን ከዚህ ፍርሃት ነው።

ደግሞም አቅራቢው ራሱ ይሄዳል። ፉጂትሱ የጃፓን ባንኮች፣ መሥሪያ ቤቶችና ኢንዱስትሪዎች ለአሥርተ ዓመታት የተደገፉባቸውን ሜይንፍሬም ኮምፒዩተሮች በ2030 የበጀት ዓመት ማምረትና መሸጥ እንደሚያቆም፣ ጥገናውንም በ2035 እንደሚያበቃ እ.ኤ.አ. በ2022 አስታውቋል። ብዙ ፋብሪካዎች ከግዢ እስከ ሽያጭ የሚያስተዳድሩበት ኤስኤፒ የተባለ ሶፍትዌር በበኩሉ ለአሮጌው ምርቱ የሚሰጠውን ድጋፍ በ2025 ሊያቆም ነበርና የሚኒስቴሩ ዓመተ ምሕረት ከዚህም ጋር የተያያዘ ነው። በኋላ ቀነ ገደቡ ወደ 2027 ተራዝሟል። ሊለውጡ የተነሱት ደንበኞች ሁሉ በአንድ ጊዜ ሲመጡ የሚሠራላቸው ባለሙያ ከየት ይገኛል?

ዕውቀቱ ከማን ጋር ነው?

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማግስት፣ እ.ኤ.አ. ከ1947 እስከ 1949 የተወለዱት ጃፓናውያን ቁጥራቸው ብዙ ነው። የአገሪቱ ኩባንያዎች ወደ ኮምፒዩተር በገቡበት ዘመን ጉልበቱም ዕውቀቱም የእነሱ ነበር። በ2007 ስድሳ ዓመት መሙላት ሲጀምሩ ጃፓናውያን «የ2007 ችግር» ብለው ተጨነቁ፤ ሙያው ከሰዎቹ ጋር ጡረታ ሊወጣ ነው ተባለ። ቀጣሪዎች ሠራተኞቻቸውን ደረጃ በደረጃ እስከ 65 ዓመት እንዲያቆዩ የሚያስገድድ ሕግ ከ2006 ጀምሮ ሥራ ላይ ስለዋለ ጥቂት ትንፋሽ ተገኘ። በተገኘው ጊዜ ሽማግሌዎቹ የሚያውቁትን በጽሑፍ ያስፈሩ ኩባንያዎች ነበሩ፤ አብዛኞቹ ግን ጊዜውን አሮጌውን ሲስተም ለተጨማሪ ዓመታት ለማስኬድ ተጠቀሙበት።

የዕድሜው ነገር በሁሉም የበለጸጉ አገሮች አለ። የአሜሪካዋ የኒው ጀርሲ ግዛት አገረ ገዢ ፊል መርፊ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2020፣ ኮሮና ሥራ አጥ ያደረጋቸው ሰዎች ማመልከቻ ከ40 ዓመት በላይ ያስቆጠረውን ሲስተም ሲያጨናንቀው፣ ኮቦል የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ የሚያውቁ በጎ ፈቃደኞች እንዲረዷቸው በአደባባይ ጠይቀዋል። ኮቦል የተጠነሰሰው በ1959 ነው። ዛሬ የ25 ዓመት ወጣት ይህን ቋንቋ ተማር ቢባል ቀድሞ የሚጠይቀው «ከዚህ ወጥቼ የት እቀጠርበታለሁ?» ብሎ ነው፤ አይፈረድበትም።

የጃፓንን ችግር የሚያከብደው ግን ሌላ ነው። በጃፓን ከአሥር የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ባለሙያዎች ሰባቱ የሚሠሩት ሲስተም ሠርተው በሚሸጡ ኩባንያዎች ውስጥ ነው። በአሜሪካ በተቃራኒው አብዛኛው ባለሙያ የሚገኘው ሲስተሙን በሚጠቀመው ድርጅት፣ ማለትም በባንኩ፣ በፋብሪካውና በሱፐርማርኬቱ ውስጥ ነው። ልዩነቱ የቅጥር ጉዳይ ብቻ ይመስላል፤ ሥራው ላይ ሲታይ ግን ብዙ ነገር ይወስናል። የመኪና መለዋወጫ የሚያመርት የጃፓን ፋብሪካ ስለ ብረቱና ስለ ቅባቱ የማያውቀው ነገር የለም፤ ትዕዛዝ የሚቀበልበት፣ መጋዘኑን የሚቆጣጠርበት ፕሮግራም እንዴት እንደሚያስብ ግን አያውቅም። የሚያውቀው የሠራለት ኩባንያ ነው። ያ ኩባንያ ደግሞ ሥራውን ለሌላ ሰጥቶ ይሆናል፣ ሌላውም ለሦስተኛ። ፋብሪካው «ይህ ፕሮግራም ይህን የሚያደርገው ለምንድን ነው?» ብሎ ሲጠይቅ መልሱ ከደረሰኝ ጋር ይመጣል። ሚኒስቴሩ እንደሚለው ኩባንያዎች ለኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ከሚያወጡት ገንዘብ 80 በመቶ ያህሉ ያለውን ሲስተም በሕይወት ለማቆየት ይውላል። ከጥገና የሚተዳደር አቅራቢ ደግሞ ሲስተሙን የሚያቀልበት ምክንያት የለውም።

ስለዚህ 430 ሺሕ የሚለው ቁጥር በራሱ ያሳስታል ባይ ነኝ። ያን ያህል ፕሮግራም ጸሐፊ ነገ ከዩኒቨርሲቲ ቢመረቅ ገደሉ አይሞላም። የሚጎድለው ሁለት ነገር በአንድ ጭንቅላት የያዘ ሰው ነው፤ ምርቱ እንዴት እንደሚመረት የሚያውቅና ሲስተሙ ለምን እንደዚያ እንደተሠራ የሚያውቅ።

ካይዘን የማይታይበት ቦታ

ካይዘን ለኢትዮጵያ አንባቢ እንግዳ ቃል አይደለም። በቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትር አቶ መለስ ዜናዊ ጥያቄ የጃፓን ዓለም አቀፍ ትብብር ድርጅት (ጃይካ) እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ በ30 ድርጅቶች ላይ የሙከራ ሥራ ሠራ፤ በ2011 ደግሞ የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቋመ። አምስቱ «ማ»ዎች ያልተለጠፉበት የመንግሥት ፋብሪካ ግድግዳ ማግኘት ያስቸግር ነበር። ሠራተኛው ራሱ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እያሻሻለ የሚሄድበት ይህ ዘዴ ጃፓንን ለትልቅ ደረጃ ያበቃ ነው። ታዲያ ካይዘን የተወለደበት አገር ሲስተሞቹን እንዴት እንዲህ ሊያደርግ ቻለ?

እንደ እኔ እምነት መልሱ ካይዘን ራሱ ውስጥ ይገኛል። ማምረቻው ወለል ላይ አንድ ሠራተኛ መፍቻውን ከቀኝ ወደ ግራ ቢያዛውር ሁሉም ያየዋል፤ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል፤ የማይረባ ከሆነ በማግስቱ ይመለሳል። በፕሮግራም ውስጥ የሚደረግ ማሻሻያ ግን አይታይም። የሽያጭ ክፍሉ ለአንድ ትልቅ ደንበኛ ብቻ የሚሆን የተለየ ቅናሽ ይጨመርልኝ ይላል፣ ይጨመርለታል። መጋዘኑ የራሱን ቁጥር አሰጣጥ ይጠይቃል፣ ይሠራለታል። የሠራተኛውን አሠራር ማክበር ጥሩ ጠባይ ስለሆነ፣ ሠራተኛው ከሲስተሙ ጋር ሳይሆን ሲስተሙ ከሠራተኛው ጋር እንዲስማማ ይደረጋል። እያንዳንዱ ጥያቄ ለብቻው ሲታይ ትክክል ነው። ከ20 ዓመት በኋላ ግን ማንም በሙሉ የማያውቀው፣ አንዱን ክር ሲስቡት ሌላው የሚተረተር ድውር ይሆናል። ሚኒስቴሩ «ጥቁር ሳጥን» የሚለው ይህን ነው።

መለወጡም ቀላል አይደለም

«እንግዲያው አውጥቶ ጥሎ አዲስ መትከል ነው» የሚል ይኖራል። ግሊኮ የተባለው የታወቀ የጣፋጭና የምግብ ኩባንያ ይህንኑ አደረገ። ከ30 ቢሊዮን የን በላይ ወጪ ያደረገበትን አዲስ ሲስተም እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2024 መጀመሪያ ላይ ሥራ አስጀመረ። ወዲያው ቀዝቀዝ ተደርገው የሚሸጡ ምርቶቹን ከመጋዘን ማውጣት አቃተው። ጃፓናውያን ልጆች ያደጉበት ፑዲንጉ ለወራት ከሱቅ መደርደሪያ ጠፋ። ፋብሪካው አልተቃጠለም፣ ወተት አልጠፋም፣ ገዢም አልቀረም። ትዕዛዙን፣ ክምችቱንና ጭነቱን የሚያገናኘው ነገር ብቻ ነው የታወከው።

ሚዙሆ ባንክ ያጋጠመው ደግሞ ከዚህ የባሰ ያስተምራል፤ ፋብሪካ ባይሆንም ልጥቀሰው። ባንኩ ከ400 ቢሊዮን የን በላይ አውጥቶ፣ ዓመታት ፈጅቶ በ2019 አዲሱን ሲስተም ተክሎ ጨረሰ። ጃፓን «እፎይ» አለ። እ.ኤ.አ. የካቲት 28 ቀን 2021 ግን በአገሪቱ ዙሪያ ከ4,000 በላይ የገንዘብ መክፈያ ማሽኖቹ ቆሙ፤ ከ5,000 በላይ የደንበኞችን ካርድና የቁጠባ ደብተር ዋጡ። ገለልተኛ አጣሪዎች ሲመረምሩ ካገኟቸው ነገሮች አንዱ፣ ሲስተሙ ተተክሎ እንዳበቃ ባንኩ እሱን የሚያውቁትን ሠራተኞች ቁጥር ከግማሽ በላይ መቀነሱ ነበር። ፕሮጀክቱ አልቋል፣ ወጪ ይቀነስ ተባለ። አዲሱ ሲስተም በሁለት ዓመት ውስጥ የሚያውቀው ሰው የሳሳበት ሆነ፤ አሮጌ ለመሆን 20 ዓመት አልፈጀበትም።

ቶዮታም ቢሆን አልቀረለትም። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2023 መጨረሻ 14ቱም የአገር ውስጥ መኪና መገጣጠሚያ ፋብሪካዎቹ ቆመው ዋሉ። ምክንያቱ ሲጣራ በመለዋወጫ ማዘዣው ሲስተም ላይ በተለመደ የጥገና ሥራ መካከል የዲስክ ቦታ ማለቁ ነበር፤ መጠባበቂያውም በዚያው ሲስተም ላይ ስለነበር አብሮ ወደቀ። ለእያንዳንዷ ብሎን ቀንና ሰዓት የሚቆርጥ ኩባንያ በዲስክ ቦታ ተያዘ።

ወደ እኛ ስንመለስ

ኢትዮጵያ «አሮጌ ሲስተም የላትም፣ በቀጥታ ወደ አዲሱ ትዘላለች» የሚል ንግግር በየስብሰባው ሰምቻለሁ። ግማሹ እውነት ነው። ፉጂትሱ ሜይንፍሬም ላይ የተቀመጠ የስሚንቶ ፋብሪካ የለንም። ነገር ግን ወንጂን በ1954 (እ.ኤ.አ.) ከተከሉት ሆላንዳውያን ጀምሮ እስከ ቅርብ ዓመታቱ የቻይናና የሕንድ ተቋራጮች ድረስ፣ ፋብሪካ የምንገዛው ቁልፉን ተረክበን ነው። ሚዙሆ ያን ሁሉ ገንዘብ አውጥቶ በሁለት ዓመት ውስጥ የደረሰበት ቦታ፣ እኛ በርክክቡ ዕለት የምንጀምርበት ነው።

ስሙን የማልጠቅሰው አንድ ፋብሪካ ውስጥ ያየሁትን ልናገር። የማምረቻ መስመሩን የሚያዘው መቆጣጠሪያ ፕሮግራሙን የሚይዝበት የማስታወሻ ባትሪ ነበረው፤ እንደ እጅ ሰዓት ባትሪ ያለ፣ በየጥቂት ዓመቱ መለወጥ ያለበት። የመለወጫው ጊዜ ማኑዋሉ ላይ ተጽፏል፤ ማኑዋሉ ግን ቁም ሣጥን ውስጥ በማናውቀው ቋንቋ ተቀምጧል። አንድ ቀን መብራት ጠፍቶ ሲመጣ መቆጣጠሪያው ባዶ ሆኖ ተገኘ። የፕሮግራሙ ቅጂ በፋብሪካው ውስጥ አልነበረም፤ በርክክቡ ውል ላይም አልተጠየቀም። ተቋራጩ ጋ ተደወለ፤ ሥራውን የሠራው መሐንዲስ ከኩባንያው ለቋል። ከዚያ ወዲያ ያለውን በዘርፉ የሠራ አንባቢ ይገምተዋል፤ የቪዛ ጉዳይ፣ የአበል ድርድር፣ የውጭ ምንዛሪ ወረፋ። መስመሩ ሳምንታት ቆመ።

በመጨረሻ ነገሩን ያቀለለው ከተቋራጩ ጋር ተከላው ላይ የነበረ አንድ የአገራችን ኤሌክትሪሽያን የያዘው ደብተር ነው። የትኛው ሞተር ከየትኛው ቀጥሎ እንደሚነሳ፣ በመካከሉ ስንት ሰከንድ እንደሚጠበቅ፣ የትኛው ማብሪያ በኋላ እንደተጨመረና ለምን እንደተጨመረ በእጁ ጽፏል። ማንም አላዘዘውም፤ ለዚያ የተከፈለውም ነገር የለም። ፕሮግራሙ እንደገና ሲጻፍ ዋናው ሰነድ ያ ደብተር ሆነ። እሱ በዚያን ጊዜ ጡረታ ሊወጣ ጥቂት ወራት ቀርቶት ነበር። ጋሼ እያልን የምንጠራውን ይህን ሰው የፋብሪካው አስተዳደር በመዋቅር ጥናቱ «ቴክኒሺያን ሁለት» ብሎ ነበር የመደበው።

መንግሥት ከተባበሩት ዓረብ ኤሚሬቶች ጋር በመሆን እ.ኤ.አ. በ2024 አምስት ሚሊዮን ኮደሮችን የማሠልጠን ፕሮግራም ጀምሯል። አልቃወመውም፤ ወጣቱ በነፃ ይማር። ግን እዚያ የሚሰጠው ትምህርት የፋብሪካ ማሽን ዓለም አይደለም። የስኳር ማፍያ ወይም የክር መፍተያ መቆጣጠሪያ ከፍቶ የሚያነብ ሰው በዚህ መንገድ አይገኝም። የሚገኘው ፋብሪካ ውስጥ፣ ከሽማግሌው ጎን ለሁለትና ለሦስት ዓመት ቆሞ ነው። ለዚያ ደግሞ የሥራ መደብ ያስፈልጋል፤ ሽማግሌው ከወጣ በኋላ የሚታወጅ ክፍት ቦታ ሳይሆን ሳይወጣ ሁለት ሰው በአንድ ቦታ የሚያስቀምጥ መደብ። የበጀት ክፍሎች ይህን «ድርብ ቅጥር» ብለው እንደሚሰርዙት አውቃለሁ። መስመሩ ሳምንት ሲቆም የሚጠፋው ገንዘብ ግን በዚያ የበጀት ሰንጠረዥ ላይ ረድፍ የለውም፤ ስለዚህም ማንም አይጠየቅበትም።

ከቅጥሩ በፊት ግን በጨረታ ሰነዱ ላይ ሊስተካከል የሚችል ነገር አለ፤ ብዙ ወጪም አይጠይቅም። ከአንድ ትልቅ የማሽን ግዢ ሰነድ ውስጥ ስለ ፕሮግራሙ የሚናገር አንቀጽ ፈልጌ ያጣሁበት ጊዜ አንድ ሁለት አይደለም። ስለ ብረቱ ውፍረት ሦስት ገጽ አለ፤ ስለ ቀለሙ ግማሽ ገጽ አለ። የመቆጣጠሪያው ፕሮግራም ሙሉ ቅጂ ከነማብራሪያው፣ ከነይለፍ ቃሉ ለገዢው ይሰጣል የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር የለም። ከገዢው ወገን ሁለት ባለሙያዎች ከተከላው የመጀመሪያ ቀን ጀምሮ እስከ ሙከራው ፍጻሜ አብረው ይሠራሉ፣ በመጨረሻም ፕሮግራሙን አጥፍተው በራሳቸው እጅ መልሰው ይጭናሉ፣ ይህ ካልሆነ የመጨረሻው ክፍያ አይለቀቅም የሚል አንቀጽም እንዲሁ። ተቋራጩ ዋጋ ይጨምራል ይባላል። ይጨምር ይሆናል፤ ከመፈረሙ በፊት ስለሚደራደር ግን ከሁሉ የሚረክሰው ያኔ ነው። መስመሩ ከቆመ በኋላ ዋጋውን የሚቆርጠው እሱ ብቻ ነው።

ቀድሞ ለተተከሉትም ቢሆን ጊዜው አላለፈም። የመቆጣጠሪያዎቹን ዝርዝር መያዝ፣ ፕሮግራማቸውን ቀድቶ ከፋብሪካው ውጪ ማስቀመጥ፣ ባትሪያቸውን መለወጥ በየትኛውም ፋብሪካ በዓመታዊው የጥገና ወቅት ሊሠራ የሚችል ነው። ለዚህ አማካሪ መቅጠር አያስፈልግም። ጋሼ የጡረታ ደብዳቤው ከደረሰው በኋላ የፋብሪካው አስተዳደር ደብተሩን ገዝቶ ለማስቀረት ጠይቆት ነበር። እሱም ደብተሩን በነፃ ሰጣቸው፤ የጠየቀው ነገር አንድ ልጅ መድበውለት ለስድስት ወር እንዲያስተምረው ብቻ ነበር። መደቡ አልተፈቀደም።